የቡድን ቦነስን ለየሰው ማካፈል፦ ለየትኛው ሥራ የትኛው ስሌት?

ጅማ ላይ የቡና ወቅት ሲገባ መጋዘን ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። አንዱ ጀንፈሉን፣ ማለትም ያልተፈለፈለውን ደረቅ ቡና፣ ከመኪና ያወርዳል። አንዱ መፈልፈያው ላይ ይቆማል። አንዱ ይመዝናል፣ ኬሻውን ይሰፋል። ሥራው ከታሰበለት ጊዜ ቀድሞ ሲያልቅ ባለቤቱ «ለቡድኑ ይህን ያህል ቦነስ አለ» ይላል። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ይስማማል። ጭቅጭቁ የሚነሳው ያ ገንዘብ ለየሰው ሲከፋፈል ነው።

ይህን የምጽፈው ለመጋዘን ባለቤቶች፣ ለሒሳብ ሠራተኞችና ሰዓት ለሚመዘግቡ ካቦዎች ነው። ጉዳዩ ሠራተኞችንም ይመለከታል። ድርሻው እንዴት እንደተሰላ የማያውቅ ሰው ትክክለኛ ገንዘብ ቢሰጠውም የተበላ ይመስለዋል። ቀመሩን አስቀድሞ ያወቀ ግን ቢያንሰው እንኳ ለምን እንዳነሰው ያውቃል።

አንድ አቋም አለኝ፤ ከስር የምለው ሁሉ ከእሱ ይመነጫል። ድርሻው መከፋፈል ያለበት ቦነሱ በመጣበት መንገድ ነው። ጊዜው የተረፈው ሁሉም እኩል ስለተጉ ከሆነ አንድ ስሌት አለው። አንዱ ረጅም ሰዓት ስለቆመ ከሆነ ሌላ። የባለሙያው እጅ ስለፈጠነ ከሆነ ደግሞ ሌላ።

ሥራው እውነት የቡድን ነው?

ከሁሉ በፊት ይህን ጠይቁ። ብዙ ሰው ይዘለዋል።

ቡና የሚለቅሙ ሴቶችን ውሰዱ። አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡም እያንዳንዷ የራሷን ቡና ትለቅማለች። ስትጨርስ ይመዘንላታል። የማን እጅ ስንት ኪሎ እንዳወጣ በግልጽ ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሥራ ላይ የቡድን ቦነስ ማምጣት ፈጣኗን መቅጣት ነው። በኪሎ ክፈሉ፣ ነገሩ አለቀ።

የጅማ በርጩማም እንደዚያው ነው። ባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ነው የሚወጣው። አንድ ሰው ጀምሮ አንድ ሰው ይጨርሰዋል። በቁጥር ይከፈላል። አንዱ ሲቆርጥ፣ አንዱ ሲገጥም፣ አንዱ ቫርኒሽ ሲቀባ የሚያልቅ ቁም ሳጥን ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል፤ የእያንዳንዱን ውጤት ነጥሎ መለካትም አይቻልም። የቡድን ቦነስ ቦታው እዚህ ነው።

ቡና መፈልፈያም ከዚህ ጎራ ነው። ጫኙ ካላቀረበ ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። ሚዛን ያዡ ከዘገየ ኬሻው ይከመራል። ምሳሌያችን እዚያው ይሁን።

የሚካፈለው ገንዘብ ከየት መጣ?

አራት ሰዎች ያሉበት ቡድን እናስብ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ነው የመረጥኳቸው፤ የገበያ ዋጋ አይደሉም። በሁለት ሳምንት ውስጥ 600 ኬሻ አዘጋጁ። ለአንድ ኬሻ የተመደበው የሰው ጉልበት ግማሽ ሰዓት ነው። ስለዚህ የተፈቀደላቸው 300 ሰዓት ነበር። የሠሩት እንዲህ ነው፦

የመፈልፈያው ኦፕሬተር፦ 45 ሰዓት × 80 ብር = 3,600 ብር
ሚዛን ያዥ፦ 50 ሰዓት × 60 ብር = 3,000 ብር
አንደኛው ጫኝ፦ 60 ሰዓት × 40 ብር = 2,400 ብር
ሁለተኛው ጫኝ፦ 45 ሰዓት × 40 ብር = 1,800 ብር
ድምር፦ 200 ሰዓት፣ 10,800 ብር

ከ300 ሰዓት ውስጥ 100 ሰዓት ተረፈ። ስምምነቱ «ከተረፈው ግማሹ ለሠራተኛው» የሚል ነው እንበል። ይህ በሒሳብ መማሪያዎች ውስጥ በሃልሲ ስም የሚታወቀው መንገድ ነው፤ አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬድሪክ ሃልሲ በ1891 እ.ኤ.አ. ካቀረበው ሐሳብ የመጣ ነው። 50 ሰዓት በአማካይ የሰዓት ክፍያ ይባዛል።

አማካዩ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አራቱን የሰዓት ክፍያዎች ደምሮ ለአራት ማካፈል 55 ብር ይሰጣል። ትክክለኛው ግን 10,800 ለ200 ሲካፈል የሚገኘው 54 ብር ነው፤ ምክንያቱም ሁሉም እኩል ሰዓት አልሠሩም። በ54 ቦነሱ 2,700 ብር ይሆናል። በ55 ቢሰላ 2,750 ይመጣል። የ50 ብሯ ልዩነት ትንሽ ትመስላለች። ወቅቱን ሙሉ ስትደጋገም ግን መዝገቡ አልዘጋ ይላል፤ የሒሳብ ሠራተኛውም ከየት እንደመጣች ፍለጋ ይገባል።

ሌላው የታወቀ መንገድ በ1898 እ.ኤ.አ. ግላስጎው ላይ የጀመረው የሮዋን ስሌት ነው። እሱ የተረፈውን ሰዓት ለተመደበው አካፍሎ በተሠራው ሰዓት ክፍያ ያባዛል። በእኛ ምሳሌ 100 ለ300፣ በ10,800 ሲባዛ 3,600 ብር ይሰጣል። የተረፈው ጊዜ ከተመደበው ግማሽ እስካልደረሰ ድረስ ሮዋን ለሠራተኛው ከሃልሲ ይሻላል። ከግማሽ ካለፈ ይገለበጣል። ሁለቱም መጀመሪያ ለግለሰብ የታሰቡ ቢሆኑም ለቡድንም ይሠራሉ። እኛ በ2,700 ብር እንቀጥል።

እኩል ማካፈል

2,700 ለአራት። ለእያንዳንዱ 675 ብር።

ለማስረዳት ከዚህ የሚቀል የለም። ካልኩሌተር እንኳ አያስፈልግም። አንድ ላይ የሚውሉ፣ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ፣ ተመሳሳይ ሰዓት የሚገቡና የሚወጡ ሰዎች ከሆኑ እኔም ይህንኑ እመርጣለሁ። የሠራተኞቹን አንድነትም ይጠብቃል።

ችግሩ ሰዓቱ ሲለያይ ነው። በምሳሌያችን አንደኛው ጫኝ ከሁለተኛው 15 ሰዓት በላይ ሠርቷል። ሁለቱም 675 ብር ይዘው ሲወጡ ያ 15 ሰዓት በቦነሱ ዓይን እንዳልነበረ ነው። በሚቀጥለው ወቅት የመጀመሪያው ጫኝ ማምሸቱን ይተዋል። ማንም ሰነፈ ሊለው አይችልም።

በሠሩት ሰዓት ማካፈል

2,700 ለ200 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 13 ብር ከ50 ሳንቲም ነው። ኦፕሬተሩ 607.50፣ ሚዛን ያዡ 675፣ አንደኛው ጫኝ 810፣ ሁለተኛው ጫኝ 607.50 ያገኛሉ።

ይህ ለጫኞች ቡድን፣ ለማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና አገላባጮች፣ በአጠቃላይ የሥራ ደረጃቸው አንድ ለሆነ ሰዎች ጥሩ ነው። የቆየ ያገኛል፣ የቀረ ያጣል። ለክርክር ቀዳዳ የለውም፤ መዝገቡ ትክክል እስከሆነ ድረስ።

የሙያ ልዩነት ባለበት ቡድን ግን ኦፕሬተሩ ይቀየማል። በሰዓት 80 ብር የሚከፈለው ሰው በቦነስ ጊዜ የአንድ ሰዓቱ ዋጋ ከጫኙ ጋር እኩል ይሆንበታል። ወንፊቱን የሚቀይረው፣ ቡናው እንዳይሰበር የሚያስተካክለው እሱ ነው። ጅማ ውስጥ ጥሩ የመፈልፈያ ባለሙያ በወቅቱ መሀል ቢሄድባችሁ ሌላ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በሰዓት ክፍያ መጠን ብቻ ማካፈል

የክፍያዎቹ ድምር 220 ነው። ኦፕሬተሩ 981.82፣ ሚዛን ያዡ 736.36፣ ሁለቱ ጫኞች እያንዳንዳቸው 490.91 ብር።

ይህን አልመክርም። የሠሩትን ሰዓት ጭራሽ አያይም። 60 ሰዓት የሠራና 45 ሰዓት የሠራ ጫኝ እኩል ናቸው። አንዳንድ ቢሮ ውስጥ «በደመወዝ ልክ እናካፍል» ሲባል የሚመጣው ይኸው ነው። የወር ደመወዝተኞች ሁሉም ሙሉ ወር ከሠሩ ችግሩ አይታይም። የቀን ሠራተኛ ያለበት መጋዘን ውስጥ ግን ወዲያው ይታያል።

ባገኙት መደበኛ ክፍያ፣ ማለትም በሰዓት ሲባዛ በክፍያ

በእኔ እይታ የተለያየ ሙያ ላለው ቡድን መነሻ መሆን ያለበት ይህ ነው። 2,700 ለ10,800 ሲካፈል 0.25 ይሰጣል። ሁሉም ካገኘው መደበኛ ክፍያ ሩቡን ይጨምራል። ኦፕሬተሩ 900፣ ሚዛን ያዡ 750፣ አንደኛው ጫኝ 600፣ ሁለተኛው ጫኝ 450 ብር።

ሰዓትንም ሙያንም ያያል። የተሻለ የሚያደርገው ደግሞ ለሠራተኛ የሚነገርበት መንገድ ነው። ስለ ጥምርታ ማውራት አያስፈልግም። «ለሠራችሁት ለእያንዳንዱ ሰዓት የ15 ደቂቃ ተጨማሪ ክፍያ አላችሁ፣ በየራሳችሁ ዋጋ» ማለት ብቻ ይበቃል። 50 የቦነስ ሰዓት ለ200 ሰዓት ሲካፈል ሩብ ሰዓት ነውና። አንደኛው ጫኝ 60 ሰዓት ሠርቷል፤ 15 የቦነስ ሰዓት አለው፤ በ40 ብር 600። ራሱ በጣቱ ቆጥሮ ይደርስበታል። ነገሩ ለማንም እንግዳ አይደለም፤ ዕቁብ ላይ ግማሽ ዕጣ የሚጥል ሰው ሲደርሰው ግማሽ እንደሚወስድ ሁሉም ያውቃል።

ደካማ ጎኑን ልንገራችሁ። የሰዓት ክፍያው ራሱ ፍትሐዊ ካልሆነ ቦነሱ ያንኑ ይደግመዋል። ጫኙ በ40 ብር የሚሠራው ሥራው ቀላል ስለሆነ ሳይሆን የሥራ ፈላጊው ብዛት ዋጋውን ስላወረደው ሊሆን ይችላል። ኬሻ በጀርባው ሲሸከም የሚውለው ሰው በመደበኛ ክፍያም በቦነስም መጨረሻ ላይ ሲቀር ማየት ደስ አይልም። ለዚህ ነው የሚቀጥሉት ሁለት አማራጮች መታየት ያለባቸው።

በነጥብ

ለእያንዳንዱ የሥራ መደብ ነጥብ ይሰጣል፣ በሰዓት ይባዛል። ኦፕሬተር 5፣ ሚዛን ያዥ 4፣ ጫኝ 3 እንበል። የኦፕሬተሩ 225፣ የሚዛን ያዡ 200፣ የጫኞቹ 180 እና 135፤ ድምር 740 ነጥብ። 2,700 ለ740 ሲካፈል አንድ ነጥብ 3.65 ብር ገደማ ነው። ድርሻው 820.95፣ 729.73፣ 656.76 እና 492.57 ይሆናል።

እዚህ በጫኙና በኦፕሬተሩ መካከል ያለው ርቀት ጠበብ ብሏል። ምክንያቱም ነጥቡ የሚለካው መደቡ ለፍጥነቱ ያለውን አስተዋጽኦ ነው እንጂ የገበያ ዋጋውን አይደለም። ነጥብ በጣም ጠቃሚ የሚሆነው አንድ መደብ የሥራው ማነቆ ሲሆን ነው። ማሽኑ ፈጥኖ እያለ ቡናው የሚዘገየው ማውረጃው ላይ ከሆነ የጫኙን ነጥብ ከፍ ማድረግ አስተዋይነት ነው። ገንዘቡ ሥራው የሚታነቅበት ቦታ ይሄዳል።

አደጋውም ትልቅ ነው። ነጥቡን ማን ይሰጣል? ካቦው ከሆነ ዘመድና ጓደኛ ይገባበታል። ቢያንስ ነጥቡ ለመደቡ እንጂ ለሰውየው አይሁን። ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ይጻፍ። መሀል ላይ አይነካ። ይህን መጠበቅ የማትችሉ ከሆነ ነጥብን ተዉት፤ ባገኙት መደበኛ ክፍያ ማካፈል ይሻላችኋል።

አንዳንዶች ነጥቡን ትተው ቋሚ መቶኛ ይመድባሉ፤ ለኦፕሬተር 35፣ ለሚዛን ያዥ 25፣ ለጫኞች 20፣ 20 እያሉ። ሰዓትን ስለማያይ የእኩል ክፍፍል ሕመም አለበት። ሁለት ሦስት ሰው ብቻ ባለበትና ማንም በማይቀርበት ቦታ ካልሆነ አይጠቅምም።

ግማሹ እኩል፣ ግማሹ ባገኙት

1,350 ብሩ እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 337.50። ቀሪው 1,350 ባገኙት መደበኛ ክፍያ ይከፈላል፤ 450፣ 375፣ 300፣ 225። ጠቅላላው ለኦፕሬተሩ 787.50፣ ለሚዛን ያዡ 712.50፣ ለአንደኛው ጫኝ 637.50፣ ለሁለተኛው 562.50 ይሆናል።

የክፍያ ልዩነቱ ሰፊ ለሆነበት ትንሽ ቡድን ይህን እወደዋለሁ። ዝቅተኛ ተከፋዩን ከፍ ያደርጋል፣ ባለሙያውንም አያስከፋም። ግማሽ በግማሽ መሆን የለበትም፤ 30 በ70ም ይሆናል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ይኑረው። እኩል የሚከፈለውን ክፍል ለማግኘት ሰውየው ቢያንስ ከወቅቱ ሥራ ይህን ያህል ክፍል መገኘት አለበት በሉ። አለበለዚያ ሁለት ቀን ሠርቶ የጠፋ ሰውም 337.50 ብር ይጠይቃል።

አንደኛውን ጫኝ በሁሉም ስሌት ተከተሉት። 675፣ 810፣ 490.91፣ 600፣ 656.76፣ 637.50። ያው ሰው፣ ያው 60 ሰዓት፣ ያው ላብ። ትንሹና ትልቁ መካከል 319 ብር አለ። ለእሱ ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህ ምርጫው «የሒሳብ ክፍሉ ጉዳይ» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።

ሰዓቱ ራሱ የትኛው ሰዓት ነው?

ከቀመሩ ይልቅ ሰው የሚያጣላው ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

በመብራት እንጀምር። መብራት ሲጠፋ መፈልፈያው ይቆማል፤ ሰዎቹ ግን እዚያው ናቸው፤ መደበኛ ክፍያቸውም አይቀርም። ያን ሰዓት በ200ው ውስጥ ከደመራችሁት ቡድኑ የዘገየ ይመስላል፣ የተረፈው ጊዜ ይቀንሳል፣ ቦነሱም አብሮ ይወርዳል። በራሳቸው ባልሆነ ነገር ተቀጡ ማለት ነው። የቆመበትን ሰዓት ለብቻው መዝግቡ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት፣ ምክንያቱ ምን እንደሆነ፣ የካቦውና የአንድ ሠራተኛ ፊርማ። ከዚያ ከቦነሱ ስሌት አውጡት። ጄኔሬተር ካላችሁም እስኪነሳ ያለውን ጊዜ አትርሱ።

ቀጥሎ የትርፍ ሰዓት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል፣ ሌሊት በ1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን በሁለት፣ በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል ይባዛል። ቦነሱን ስታካፍሉ ይህ ጭማሪ ይግባ ወይስ አይግባ?

አንደኛው ጫኝ ከ60 ሰዓቱ 10ሩ ትርፍ ሰዓት ነበር እንበል። ጭማሪው ሲገባ የእሱ ክፍያ 2,600፣ የቡድኑ 11,000 ይሆናል። ድርሻው ከ600 ወደ 638.18 ያድጋል። ኦፕሬተሩ ከ900 ወደ 883.64፣ ሚዛን ያዡ ወደ 736.36፣ ሁለተኛው ጫኝ ወደ 441.82 ይወርዳሉ። ትርፍ ሰዓቱ በራሱ ጭማሪ ተከፍሎበታል። ቦነስ ላይ ደግሞ ሲቆጠር ሁለተኛ ጊዜ ይከፈልበታል፤ የሚከፍሉትም ባልደረቦቹ ናቸው። በዚያ ላይ ጊዜ ማትረፍ የሚሸለም ቡድን ውስጥ ማምሸትን መሸለም ይጀመራል። የተሠራው ሰዓት በሙሉ ይግባ፣ ግን በመደበኛው ዋጋ። ምክሬ ይህ ነው።

ከሌላ ቡድን የተዋሳችሁት ሰው ካለ በዚህ ቡድን የሠራው ሰዓት ብቻ ይቆጠርለት። ታሞ የቀረ ሰው የሕመም ክፍያ ቢኖረውም የቦነስ ሰዓት የለውም፤ ሥራ ላይ ተጎድቶ ከሆነ ግን ሰብሰብ ብላችሁ ተነጋገሩበት። በመሀል የለቀቀ ሰው የሠራውን ያህል ይድረሰው። «ለቋልና አይገባውም» የሚለውን አልቀበልም። 20 ሰዓት ከሠራ ከተረፈው ጊዜ ውስጥ የእሱም ጉልበት አለበት።

ጥራትም ሰዓት ውስጥ ይገባል። 600 ኬሻ ስንል ተቀባይነት ያገኘ 600 ኬሻ ማለታችን መሆን አለበት። ፍሬው የተሰባበረ ወይም እንደገና መበጠር ያለበት ኬሻ ካለ ከቁጥሩ ይውጣ፤ የዳግም ሥራው ሰዓት ግን ይደመር። ይህ ካልተጻፈ ፍጥነቱ ሁሉ በቡናው ላይ ይወጣል። ጅማ ቡናዋን በደረጃ ነው የምትሸጠው፤ ደረጃው የወረደ ቡና ያመጣውን ኪሳራ ምንም የተረፈ ሰዓት አይሸፍነውም።

ወጪው መዝገብ ላይ

ከወጪ አንጻር አንድ ነገር ልብ በሉ። በየትኛውም ስሌት ብታካፍሉ የዚህ ዙር የጉልበት ወጪ አይለወጥም። 10,800 ሲደመር 2,700፣ 13,500 ብር ነው። ለ600 ሲካፈል በኬሻ 22.50። ቡድኑ 300ውንም ሰዓት ቢፈጅ ኖሮ በ54 ብር 16,200 ይወጣ ነበር፤ በኬሻ 27 ብር። ባለቤቱ በኬሻ 4.50 ተጠቀመ፣ ሠራተኞቹም ያንኑ ያህል አገኙ።

ስለዚህ ለአሠሪዎች የምለው ይህ ነው። ክፍፍሉ ከኪሳችሁ አንዲት ሳንቲም አይጨምርም። «ይህኛው ይወደድብናል» የሚል ክርክር ቦታ የለውም። የሚለወጠው የሚቀጥለው ዙር ነው፤ ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚለቅ፣ ማን እንደሚተጋ።

የቡድኑ ቦነስ እንደ መደበኛ ክፍያቸው በቀጥታ ወደዚያው የቡና ዙር ይመዝገብ። ዘበኛውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን ወይም ካቦውን ጨምራችሁ ከሆነ የእነሱ ድርሻ ተዘዋዋሪ ወጪ ነው፣ ማለትም ከዙሩ ሥራ ጋር በቀጥታ የማይያያዝ፤ ለብቻው ይያዝ። መብራት ጠፍቶ የቆመው ሰዓትም እንዲሁ። ሁሉንም አንድ ላይ ከጨፈለቃችሁት በሚቀጥለው ዓመት «የአንድ ኬሻ ጉልበት ስንት ነው?» ስትባሉ የምትመልሱት አይኖራችሁም።

ግብርን በተመለከተ ቦነስ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ነው። ከወሩ ደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይቀነስበታል። 900 ብር የተባለው ኦፕሬተር 900 በእጁ እንደማይገባ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሁልጊዜ «ከግብር በፊት» የሚለውን ቃል ጨምሩ። ጡረታ ግን ሌላ ነው። የሠራተኛው 7 እና የአሠሪው 11 በመቶ የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ስለሆነ ቦነስ አይነካውም። በአዋጅ 1156 አንቀጽ 53 ደግሞ ቦነስ «ደመወዝ» ከሚለው ትርጉም ውጭ ነው። ሠራተኛው ይህን ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ በደመወዝ ላይ የሚሰሉ ሌሎች መብቶቹ ውስጥ ቦነሱ አይገባም። መደበኛ ክፍያን ዝቅ አድርጎ ቦነሱን የሚያበዛ አሠሪ ካለ በዚህ ዓይን እዩት።

እንግዲህ የቱ ይሻላል?

ሁሉም አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ከሆነ በሰዓት። ሰዓታቸውም አንድ ከሆነ እኩል፤ ውጤቱ ያው ስለሆነ ቀላሉን ያዙ። ባለሙያና የጉልበት ሠራተኛ የተቀላቀሉበት ከሆነ ባገኙት መደበኛ ክፍያ። የክፍያው ርቀት ጫኞቹን በጣም ወደ ኋላ ካስቀራቸው ቅይጡን፣ ማለትም ግማሹ እኩል ግማሹ ባገኙት የሚለውን። ግልጽ ማነቆ ካለና ነጥቡን በሐቀኝነት የሚሰጥ ሰው ካላችሁ ነጥብ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አስገቡት፤ ከሌለ በሥራ ደንባችሁ።

ሳንቲሟን በተመለከተ በባንክ ወይም በቴሌብር የምትከፍሉ ከሆነ ችግር የለም። የነጥቡ ስሌት ላይ እንዳያችሁት ግን ሲጠጋጋ ድምሩ 2,700.01 ሊመጣ ይችላል። በጥሬ ገንዘብ ከሆነ ሳንቲሙን ጣሉና ሙሉ ብሩን ክፈሉ። 820፣ 729፣ 656 እና 492 ሲደመር 2,697 ነው፤ የቀረችው 3 ብር ወደሚቀጥለው ዙር ትተላለፍ፤ መዝገብም ላይ ትታይ። ክፍያው ከሐሙስ ገበያ በፊት ቢሆን ደግሞ ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ነው።

ከታች ያለው መጋዘኑ በር ላይ የሚለጠፍ ናሙና ነው። በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ጻፉት። ማንበብ የማይችል ካለ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ባሉበት ጮክ ብሎ ይነበብ። ቁጥሮቹን በራሳችሁ ቀይሩ።

«ለአንድ ኬሻ የተመደበው ጊዜ 30 ደቂቃ ነው። የሚቆጠረው ተቀባይነት ያገኘ ኬሻ ብቻ ነው። መብራት ጠፍቶ ወይም ማሽን ተበላሽቶ የቆመ ሰዓት አይቆጠርም፤ መደበኛ ክፍያው ግን ይከፈላል። ከተረፈው ሰዓት ግማሹ ለቡድኑ ነው። ድርሻው እያንዳንዱ በሠራው ሰዓት ሲባዛ በመደበኛ የሰዓት ክፍያው ይከፋፈላል። የትርፍ ሰዓት ጭማሪ በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። በመሀል የለቀቀ ሰው በሠራው ሰዓት ልክ ያገኛል። የሰዓት መዝገቡ በየቀኑ ማታ ይነበባል፤ ቅሬታ ያለው በማግስቱ ጠዋት ያቅርብ። የተመደበው ጊዜ ማሽን ካልተቀየረ በስተቀር እስከ ወቅቱ መጨረሻ አይለወጥም። ክፍያው ዙሩ በተዘጋ በአምስት ቀን ውስጥ ይፈጸማል፤ መጠኑ ከግብር በፊት ነው።»